የጠመመ የፒካፕ መሪ፦ ሳይነቀል ቀጥ የሚልበት መንገድ

መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ከተያዘ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ መሪው ላይ አይደለም። ከሥር፣ መሪውን ከፊት ጎማዎች ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ርዝመት ላይ ነው። አዳማ ውስጥ ለዚህ ችግር ቶሎ የሚቀርበው መፍትሔ ግን «መሪውን ነቅለን አንድ ጥርስ እናዙረው» የሚል ነው። ሥራው ጊዜ አይፈጅም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ መሪውም ለዓይን ቀጥ ይላል። የሚከፋው ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዘዝ ነው፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ መጥመምንና መሳብን ለዩ። ደልዳላ ቦታ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄዳችሁ፣ እጃችሁን ሳታርቁ መሪውን ለቀቅ አድርጉት። መኪናው መስመሩን ይዞ ከቀጠለና መሪው ግን እንደዞረ ከቆየ ጠሟል ማለት ነው። ስትለቁት መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሄደ ግን እየሳበ ነው፤ እናንተ ስበቱን ለመቋቋም ስለምትይዙት ነው መሪው ጠሞ የሚታየው። የሚስብ መኪና ላይ ዘንግ አይነካም። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ነፋሳቸው እኩል መሆኑን በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ሠንጠረዥ መሠረት አረጋግጡ፤ ከዚያ የፊቱን ግራና ቀኝ ጎማ አቀያይሩ። ስበቱ አቅጣጫውን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ከጉዞ መልስ አንዱ ቸርኬ ከሌላው በጣም ሞቆ ካገኛችሁት ደግሞ የማይለቅ ፍሬን አለ።

መንገዱም ያሳስታል። አስፋልት ውሃ እንዲወርድለት ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በቀኝ ለምንነዳ ለእኛ መኪናው ወደ ቀኝ ጠርዝ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ሹፌሩም ሳይታወቀው መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ይይዛል። ብዙ ሰው «የፍጥነት መንገዱ ላይ አየሁት» ይላል፤ የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ለመንዳት ምቹ ነው፣ ለዚህ ፈተና ግን አይሆንም። የምትሄዱበትም የምትመለሱበትም ወገን ወደየራሱ ቀኝ ጠርዝ የሚያዘነብል ስለሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ያው አንድ ዓይነት ስህተት ይሰጣችኋል። የሚሻለው ባዶ የጭነት መኪና ማቆሚያ ወይም ሰፊ ግቢ ነው። አንዱን መስመር ይዛችሁ ሂዱ፣ በዚያው መስመር ተመለሱ። ስትሄዱ ወደ ቀኝ፣ ስትመለሱ ወደ ግራ ከጠመመ የመሬቱ ተዳፋት ነው። በሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከሆነ የመኪናው ነው። ነፋሱንም አትርሱ፤ ከከተማው ጥግ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። በተለይ ካኖፒ የተገጠመለት ፒካፕ ጎኑን ሲመታ መሪ ያስይዛል። ማለዳ ጸጥ ሲል ሞክሩት።

የመጥመሙን መጠን በዓይን ግምት አትተዉት። በመሪው አናት ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ፕላስተር፣ ከበስተኋላው ባለው የጌጅ ሽፋን ላይ ሌላ ቁራጭ ለጥፉ። መኪናው ቆሞ የመሪው ክንዶች ግራና ቀኝ እኩል ሲሆኑ በሁለቱ ላይ ፊት ለፊት የሚገናኝ መስመር አስምሩ። ከዚያ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሁለቱ መስመሮች በስንት ሴንቲ ሜትር እንደተራራቁ ይያዝላችሁ። ስፋቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ መሪ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት ወደ 3 ዲግሪ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ መጥመም ከመንገድ ተዳፋት ስለማይለይ ባይነካ ይሻላል ባይ ነኝ።

<b>ከማዞሩ በፊት፦ ለምን ጠመመ?</b>

ትናንት ቀጥ ብሎ ያደረ መሪ ዛሬ ከጠመመ አንድ ነገር ተጣሟል ወይም ቦታውን ለቋል። ጉድጓድ ውስጥ የገባ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሳያበርድ የወጣ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የመታ መኪና ዘንጉ ወይም የጎማው ክንድ ሊጣመም ይችላል፤ ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ የማስተካከያ ብሎንም ሊንሸራተት ይችላል። መሪው ከጋራዥ ሲወጣ ጀምሮ የጠመመ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ወይ የአንድ ጎን ቴስቲኒ (የዘንጉ ጫፍ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ሲቀየር አሮጌው በስንት ዙር እንደወጣ ሳይቆጠር አዲሱ ገብቷል፣ ወይ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) ከአንድ ጎን ብቻ ተስተካክሏል። የፊቱ ቁመት ከፍ የተደረገ ፒካፕም መሪው ሊዛባ ይችላል፤ ዘንጎቹ የሚተኙበት ማዕዘን ስለሚቀየር።

ይህን ሁሉ የሚለየው የዘንጎቹ ጥርስ፣ ማለትም ዳዶው የሚዞርበት ጠመዝማዛ ቦታ ነው። ራክ (መሪ ሲዞር ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ጥርሳም ዘንግ) ያለው መኪና ሥር ስትገቡ በየጎኑ ከራኩ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ቴስቲኒው፣ በመካከላቸውም የመቆለፊያ ዳዶ ታያላችሁ። ከዳዶው ወደ ራኩ በኩል የሚታየውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ግራውንም ቀኙንም በማስመሪያ ለኩ። ቶዮታ በሁለቱ መካከል ከ1.5 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር ነው የሚያዘው። ከፋብሪካ ሲወጣ ራኩ መሐል፣ ጥርሱ እኩል፣ መሪው ቀጥ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ቀላል ነው። መሪውን ቀጥ ለማድረግ የምታዞሩት ዙር የግራና የቀኙን ጥርስ የሚያቀራርብ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የተበላሸውን እያረማችሁ ነው፤ ቀጥሉ። የሚያራርቅ ከሆነ ግን ቁልፉን አስቀምጡ። የተጣመመ ነገር አለ፣ እናንተም በጥርስ ልትሸፍኑት ነው። ማስመሪያ ዘንጉ ላይ አጋድሙበት፤ ብርሃን ከሥሩ ከገባ ዘንጉ ታጥፏል። የታጠፈ ዘንግ ተቀጥቅጦ ቢቃና በሚቀጥለው ጉድጓድ ይታጠፋል፣ ብየዳ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ይቀየራል፣ በቃ።

የላላ ነገርም በዚሁ ይፈተሽ። የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሱ፣ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አስደግፉ፣ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁት። የሚያንኳኳ ከሆነ ቴስቲኒው ወይም የራኩ ጫፍ መገጣጠሚያ አልቋል። ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት የሚያንኳኳ ከሆነ ቦልጆይንት ወይም ኩሽኔታ ነው። በላላ ቴስቲኒ ላይ የተስተካከለ መሪ ሳምንት አይቆይም።

<b>የኋላው አክስል</b>

መካኒኮችም የሚያልፉት፣ ጭነት በሚሠራ ፒካፕ ላይ ግን ደጋግሞ የሚመጣው ጉዳይ ይህ ነው። ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) በየጎኑ ከአክስሉ ጋር የሚታሰረው በሁለት ዩ ብሎኖች ነው፤ ቦታውን የሚይዘው ደግሞ የባሌስትራው መሐል ብሎን ነው። ዩ ብሎኖቹ ላልተው የመሐሉ ብሎን ሲቆረጥ አክስሉ በአንድ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይንሸራተታል። የኋላ ጎማዎች ከዚያ በኋላ የሚገፉት ቀጥ ወዳለው ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው፤ መኪናው ቀጥ እንዲሄድ የፊቱ ጎማም መዞር አለበት፤ መሪውም አብሮ ይጠማል። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያመላልስ ፒካፕ ላይ መሪ ሲጠም እኔ መጀመሪያ የማየው ኋላውን ነው።

ምልክቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ መካከል እንዳሉት ዓይነት የአፈር መንገድ ላይ መኪናው ቀጥ ብሎ ይለፍ፣ ከዚያ ወርዳችሁ ዱካውን እዩ። የፊቱና የኋላው ጎማ ዱካ በአንዱ ጎን ወደ ውጭ፣ በሌላው ወደ ውስጥ ከወጣ መኪናው እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄደ ነው። ማረጋገጫው የፊት ጎማዎችን ቀጥ አድርጎ ከፊቱ ቸርኬ መሐል እስከ ኋላው ቸርኬ መሐል ግራውንም ቀኙንም በሜትር መለካት ነው፤ ሁለቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ከተለያዩ ነገሩ ግልጽ ነው። በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል አዲስ የተፋተገ የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ካያችሁም እየተንሸራተተ ነው። ይህ ሳይሠራ ከፊት የሚደረግ ማንኛውም ማስተካከያ ከንቱ ልፋት ነው። ባሌስትራ በተፈታና በተገጠመ ቁጥር ዩ ብሎኖቹ ጭነት ተጭኖ ትንሽ ከተኬደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ ይህ ስለሚረሳ ነው ብሎኑ የሚቆረጠው።

<b>የትኛው ዓይነት መሪ ነው ያላችሁ?</b>

ቪጎና ሪቮ ሃይሉክስን ጨምሮ የቅርብ ጊዜ ፒካፖች ራክ አላቸው፤ በየጎኑ አንድ ዘንግ፣ በየዘንጉ አንድ የመቆለፊያ ዳዶ። ከዚህ በታች በዝርዝር የምጽፈው ስለእነሱ ነው።

ባሌስትራ ከፊትም ያላቸው፣ የፊት አክስላቸው አንድ ወጥ የሆነ የቆዩ ሃይሉክሶች ሥራቸው ቀላል ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች እርስ በርስ የሚያገናኝ አንድ ረጅም ዘንግ አለ፣ እሱ አይነካ። ከመሪ ሳጥኑ (በራክ ፈንታ የመሪውን ዙር ወደ ዘንጎቹ ከሚያስተላልፈው) ወደ ጎማው ክንድ የሚሄደው ሌላው ዘንግ ነው የመሪውን አቀማመጥ የሚወስነው። የእሱ ርዝመት ብቻ ሲስተካከል መሪው ቀጥ ይላል፣ የጎማዎቹ አላይመንት ግን አይናጋም።

ሦስተኛው ዓይነት የመሪ ሳጥን ያለው ሆኖ የፊት ጎማዎቹ ግን በየጎኑ ለብቻቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱበት ነው። እነዚህ ላይ በየጎኑ ያለው ዘንግ መካከሉ ላይ የሚዞር ቱቦ አለው፤ የቱቦው አንድ ጫፍ የቀኝ ጥርስ (ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ)፣ ሌላው የግራ ጥርስ ነው። ስለዚህ አንድ ዙር ዘንጉን በሁለት ጥርስ ያህል ይቀይረዋል፤ ከታች ለራክ የማስቀምጠውን ልክ በግማሽ ቀንሱ። መሐለኛውን ዘንግ ከመሪ ሳጥኑ በተቃራኒው ጎን የሚደግፈው ክንድም ጎሚኒው (የላስቲክ ማስገቢያው) ካለቀ መሪው ሲያሻው ወደ ቀኝ፣ ሲያሻው ወደ ግራ ስለሚጠም አስቀድማችሁ ነቅንቁት።

<b>ማዞሩ</b>

የሚያስፈልገው ለመቆለፊያ ዳዶው ልክ የሆነ ቁልፍ፣ ቴስቲኒውን ለመያዝ ሌላ ቁልፍ፣ ዘንጉ ላይ ለተሞረደው ጠፍጣፋ ቦታ የሚሆን ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ነጭ ቀለም ወይም ጠመኔ፣ ሜትርና ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ከሌለ ጥርሱን በናፍጣ ነክሮ ማሳደር ይሠራል። ቁልፎቹን ገዝታችሁ አትሂዱ፤ ልካቸው ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ መጀመሪያ ሥር ገብታችሁ ለኩ።

ቦታው ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ይሁን። ኮብልስቶን ላይ የሚለካ ነገር አይታመንም። ሞተሩን አስነሱ፣ መሪውን ግራና ቀኝ አዟዙራችሁ ፍጹም ቀጥ ባለበት አቁሙና አጥፉት፤ ከዚያ በገመድ ወይም በቀበቶ ከወንበሩ ጋር እሰሩት። ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ይሠራል። በክሪክ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ አላይመንት ውሸት ነው፤ ጎማው ሲንጠለጠል ክንዶቹ ወደ ታች ስለሚወርዱ የጎማው አቅጣጫ ይቀየራል። ቦታው ከጠበባችሁ ከፍ አድርጎ ማዞር ይቻላል፣ ልኬት ከመወሰዱ በፊት ግን መኪናው ወርዶ አምስት ሜትር ያህል ወደፊትና ወደኋላ መሄድ አለበት።

ከማዞራችሁ በፊት የጎማዎቹን ርቀት ያዙ። አንዱን የፊት ጎማ አንስታችሁ እያሽከረከራችሁ የጎማውን መሐል በጠመኔ አቅልሙ፣ ከዚያ ሚስማር በቋሚ ነገር ላይ አስደግፋችሁ ጎማው ሲዞር ቀጭን መስመር ጫሩበት። ሌላውንም እንዲሁ። አውርዱት፣ አስኪዱት፣ ከዚያ ሁለት ሰው ሆናችሁ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በአክስሉ ቁመት ከፊት በኩል ለኩ፣ በዚያው ቁመት ከኋላ በኩልም ለኩ። የፊቱ ከኋላው የሚያንስበት መጠን ነው ጎማዎቹ ወደ ውስጥ የሚገቡበት ልክ። ብዙ ፒካፖች ላይ ይህ ከ0 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ትክክለኛውን ከመኪናው መመሪያ እዩ። ቁጥሩን ጻፉት፤ ሥራው ሲያልቅ ያው ቁጥር መመለስ አለበት።

አሁን አቅጣጫው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ወደ ቀኝ የጠመመን መሪ ቀጥ ብታደርጉት ጎማዎቹ ወደ ግራ ይዞራሉ፤ ስለዚህ የሚፈለገው መሪው ቀጥ ብሎ ታስሮ ሳለ ሁለቱንም ጎማዎች ወደ ቀኝ መመለስ ነው። ዘንጎቹ ከጎማው መሐል ወደ ባምፐሩ በኩል ካሉ የቀኙን አስረዝሙ፣ የግራውን አሳጥሩ። ከጎማው መሐል ወደ ኋላ በኩል ካሉ ተቃራኒው ነው፤ የቀኙን አሳጥሩ፣ የግራውን አስረዝሙ። መሪው የጠመመው ወደ ግራ ከሆነ ግራና ቀኝ የሚለውን ብቻ ቀይሩ። የሁለቱም ጎን ጥርስ የቀኝ ከሆነ፣ ራክ ያላቸው ላይ እንዲህ ነው የሚበዛው፣ ሥራው ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ ምልክት አለ፦ መኪናው ፊት ለፊት ሆናችሁ ስታዩ የሁለቱም ዘንጎች ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ ወይ ሁለቱም ወደ ላይ ወይ ሁለቱም ወደ ታች። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እየዞረ ከሆነ መሪውን ሳይሆን የጎማዎቹን አላይመንት እየቀየራችሁ ነው።

ልኩስ? የዘንጉ ጥርስ ብዙውን ጊዜ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ዘንጉን በዚያ ያህል ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። በተለመደው የፒካፕ መሪ ላይ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ዙር ማለት መሪው ላይ ከ10 ዲግሪ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። እንግዲህ መሪው አናት ላይ ለለካችሁት ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር በየጎኑ ሩብ ዙር ገደማ ያዙ፤ 2 ሴንቲ ሜትር ከጠመመ ግማሽ ዙር፣ 4 ከሆነ አንድ ዙር። ይህ መነሻ ግምት ነው። መጀመሪያ የስሌቱን ግማሽ ብቻ አዙሩ፣ ነድታችሁ እዩ፣ መሪው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተመለሰ ለኩ፣ የቀረውን በዚያ አስሉ። ከዚያ ወዲያ የመኪናችሁን ልክ ታውቁታላችሁ።

በየጎኑ እኩል የሚለውን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱን ጎን ብቻ ሩብ ዙር ብታዞሩ ጎማው ላይ የሚለካው ርቀት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይቀየራል፤ አንድ ሙሉ ዙር ደግሞ ወደ 8 ሚሊ ሜትር። የሚፈቀደው ከ0 እስከ 3 ከሆነ ምን ያህል እንደሚያናጋው ገምቱ። መሪው ቀጥ ይላል፣ ጎማው ግን ጥርሱ እንደ መጋዝ እየሾለ ያልቃል። መዳፋችሁን ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አሹት፤ በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው የሚቧጭር ከሆነ ይኸው ነው።

እጅ ሥራው እንዲህ ነው። በቴስቲኒው፣ በዳዶውና በዘንጉ ላይ በአንድ ቀጥታ የቀለም መስመር አስምሩ። ቴስቲኒውን በአንድ ቁልፍ ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን አላሉ፤ ቴስቲኒው ካልተያዘ ኃይሉ ሁሉ ኳሱ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ የሚዘለለውን አትዝለሉ፦ የራኩ የላስቲክ ሽፋን ዘንጉን የሚይዝበትን ትንሹን ማሰሪያ በፒንሳ አላልታችሁ ወደ ጎን አድርጉት፣ ሽፋኑን ከዘንጉ አላቁትና ከሥሩ ትንሽ ግራሶ ቀቡ። ይህ ካልተደረገ ዘንጉ ሲዞር ሽፋኑ አብሮ ይጠማዘዝና ይቀደዳል፤ የአዳማ አቧራ በቀዳዳው ገብቶ ራኩን ለመብላት ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከዚያ ዘንጉን በጠፍጣፋው ቦታ ይዛችሁ በቀለሙ መስመር እየቆጠራችሁ አዙሩ። የቧንቧ መፍቻ አትጠቀሙ፤ ጥርሱን ከነከሰው ቀጣዩ ሥራችሁ ዘንግ መቀየር ነው። ሲያልቅ ቴስቲኒውን በመወዛወዣው መሐል አድርጋችሁ ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ፤ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ከተቆለፈ መሪ ሲዞር ኳሱ ይታነቃል። ሽፋኑን አቃኑ፣ ማሰሪያውን መልሱ። መሪውን ፈትታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩት፣ የሚነካካ ነገር እንዳይኖር። በመጨረሻም የጎማዎቹን ርቀት ለኩ፤ ቀድሞ ከጻፋችሁት ቁጥር በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሆነ ዙሩ እኩል ነበር። ካልሆነ ከአንዱ ጎን አብልጣችኋል፤ ቀለሙን ቆጥራችሁ መልሱ።

<b>መሪው መነቀል ያለበት መቼ ነው?</b>

ከላይ ያልኩት መዘዝ ይኸውና። ራኩም ሆነ የመሪ ሳጥኑ የራሱ መሐል አለው። የመሪ ሳጥን በተለይ ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ጥርሱ ጠበቅ ብሎ እንዲገጥም ነው የሚሠራው፤ ዘንጎቹ ተዛብተው መኪናው ቀጥ የሚሄደው ከመሐሉ ወጥቶ ከሆነ መሪው ልል ይሆናል፣ መኪናውም ይዋልላል። መሪውን ነቅሎ ማዞር ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አይመልሰውም። መኪናው በአንድ ጎን ጠበብ አድርጎ፣ በሌላው ሰፋ አድርጎ መዞሩም ይቀጥላል። መሪው ከግንዱ (ከሥሩ ካለው ዘንግ) ጋር የሚገጥመው በጥርስ ስለሆነ አንዱ ጥርስ ከሌላው ብዙ ዲግሪ ይራራቃል፤ ትንሽ መጥመም በዚህ አይስተካከልም።

ኤርባግ ያለው ላይ ደግሞ ከመሪው በስተጀርባ የተጠቀለለ ስፓይራል ኬብል አለ። ቶዮታ ላይ ከመሐሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሁለት ዙር ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። መሪው ሲነቀል ኬብሉ ከመሐሉ ከተንሸራተተ በመጀመሪያው ሙሉ መዞሪያ ሊበጠስ ይችላል፤ ከተበጠሰ ጡሩምባው ይጠፋል፣ የኤርባግ መብራት ይበራል፣ ኤርባጉም አይሠራም።

መነቀል ያለበት መሪው ራሱ ከመጀመሪያው በተሳሳተ ጥርስ ከገባ ብቻ ነው። የሚለየው እንዲህ ነው፦ መሪውን ወደ ግራ እስኪቆም አዙሩ፣ ከዚያ እስከ ቀኝ ጥግ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩ። ሦስት ዙር ተኩል ከሆነ ከጥጉ አንድ ዙር ከሦስት ሩብ መልሱ፤ ያ የራኩ መሐል ነው። ራኩ መሐል ላይ እያለ ጎማዎቹ ቀጥ ካሉ፣ የዘንጎቹም ጥርስ እኩል ከሆነ፣ መሪው ግን ከጠመመ ጥፋቱ ከላይ ነው። ያኔም ቢሆን ከመሪው በፊት ግንዱን ከራኩ ጋር የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ እዩ፤ ሞተር ወይም ካምቢዮ በወረደበት ጊዜ ተፈትቶ አንድ ጥርስ ስቶ ሊሆን ይችላል። መሪው የግድ የሚነቀል ከሆነ የባትሪው ነጌቲቭ ይነሳ፣ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ፣ የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ስፓይራል ኬብሉም እንዳይዞር በፕላስተር ይያዝ።

<b>ወደ አላይመንት ቤት ከወሰዳችሁት</b>

ሥራው ሲጀመር አጠገቡ ቁሙ። መሪው በመያዣ ቀጥ ተደርጎ ሳይቆለፍ ዘንግ ማዞር ከተጀመረ «መሪውን አስቀድምልኝ» በሉት። ከዚያ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት ጠይቁ። ብዙ ሰው የሚያየው ሁለቱ የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞሩበትን ልክ ድምር ብቻ ነው፤ እሱ ግን ያታልላል። ግራው 0.40 ወደ ውስጥ፣ ቀኙ 0.40 ወደ ውጭ ከሆነ ድምሩ 0 ነው፣ ማሽኑ አረንጓዴ ያበራል፣ ጎማውም አይበላም፣ መሪው ግን ጠሞ ነው የምትወጡት። ግራና ቀኙ ለየብቻ ተመሳሳይ ቁጥርና ተመሳሳይ አቅጣጫ መያዝ አለባቸው። የኋላው አክስል የሚገፋበትን አቅጣጫ የሚያሳይ መስመርም ወረቀቱ ላይ አለ፤ እሱ ቀይ ከሆነ ወደ ባሌስትራው ተመለሱ።

መንሸራተት የሚቆጣጠር ሥርዓት ባላቸው ፒካፖች ላይ መሪው ከተስተካከለ በኋላ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራ ይችላል። የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ አሮጌውን ቦታ እንደ መሐል ስለያዘ ነው፤ በመመርመሪያ ማሽን ዜሮው እንደገና ይያዝለታል።

የተጠበቀው ዳዶ ላይ ከዘንጉ እስከ ቴስቲኒው አዲስ የቀለም መስመር አስምሩበት፣ አሮጌውን በቤንዚን አጥፉት። የመጀመሪያው የጭነት ጉዞ ሲያልቅ ሥር ገብታችሁ እዩ። መስመሩ ዳዶው ላይ ከተቆረጠ እየላላ ነው፤ ቴስቲኒውን ይዛችሁ መልሳችሁ አጥብቁት።